ከመድረክ በፊት ያለችው ሰዓት፤ ስለ ዴቪድ በርን የብስክሌት ማስታወሻ

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ አበው። ዘፋኝ ግን ያየውንም አገር ለመናፈቅ ጊዜ የለውም። ዛሬ እዚህ ይዘፍናል፣ ነገ ማለዳ አውሮፕላን ነው፣ ማታ ደግሞ ሌላ አዳራሽ። አገር አየ እንዳይባል ያየው የሆቴል ኮርኒስ ነው፤ አላየም እንዳይባል ፓስፖርቱ በማኅተም ተሞልቷል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ስለ ዓለም ሊነግረን የሚችለው ምንድን ነው? በዚህ ቁጥር ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄውን ያስነሳብኝ አንድ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ «ባይሲክል ዳያሪስ» ይባላል። በእኛ ቋንቋ «የብስክሌት ማስታወሻዎች» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲው ዴቪድ በርን ሲሆን የታተመው በ2009 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) እኔ እጅ የገባው ቅጂ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ጠርዙ የተበላ ነው፤ ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር የተፈቀደልኝ። ሦስተኛውን ለምኜ አገኘሁና ይህን ጻፍኩ።

ደራሲውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስተዋውቅ። በርን በ1952 ስኮትላንድ ውስጥ ዳምባርተን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካናዳ፣ በኋላም በአሜሪካ በባልቲሞር ዳርቻ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ጀምሮ አቋረጠና በ1975 ኒው ዮርክ ላይ ከጓደኞቹ ጋር «ቶኪንግ ሄድስ» የተባለውን ባንድ አቋቋመ። በ1984 በወጣው «ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ» በተሰኘው የኮንሰርት ፊልም ላይ፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ ኮት ለብሶ ሲወዛወዝ ያያችሁት ሰው እሱ ነው። ባንዱ በ1991 ፈረሰ። እሱ ግን መዞሩን አላቆመም። መጽሐፉ ሲወጣ 57 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ይህን የጻፈው ዝናን ገና የሚያሳድድ ጎረምሳ ሳይሆን፣ ዝና መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ቡናውን ጠጥቶ የሄደበት ሰው መሆኑን ከወዲሁ እንያዝ።

በርን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በብስክሌት ነው። ኋላም ታጣፊ ብስክሌት አገኘና ለሥራ በሄደበት አገር ሁሉ ከሻንጣው ጋር ይዞት መዞር ጀመረ። ሌሎቹ ሙዚቀኞች ሆቴል ውስጥ ተኝተው ማታን ሲጠብቁ እሱ ብስክሌቱን ዘርግቶ ይወጣል። መጽሐፉ የተሠራው ከዚያች ሰዓት ነው፤ ከመድረክ በፊት ካለችው፣ ማንም ከማይፈልገው ሰዓት። ምዕራፎቹም በከተማ ስም የተከፈሉ ናቸው፦ የአሜሪካ ከተሞች፣ በርሊን፣ ኢስታንቡል፣ ቦነስ አይረስ፣ ማኒላ፣ ሲድኒ፣ ሎንዶን፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ በመጨረሻም ኒው ዮርክ። ይዞሯል፣ ይመለሷል።

አንባቢን መጀመሪያ የሚያስገርመው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። መድረኩ የታለ? ጭብጨባው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ጠብ፣ አድናቂዎቹ? የሉም ማለት ይቻላል። ዘፋኝ ስለ ጉዞው ጻፈ ሲባል የምንጠብቀው እኮ ሌላ ነበር። «ሞት ዘ ሁፕል» የተባለው ባንድ መሪ የነበረው ኢያን ሀንተር በ1972 መጨረሻ በአሜሪካ ያደረጉትን ጉብኝት በየቀኑ መዝግቦ በ1974 አሳትሞት ነበር። እዚያ ሁሉ ነገር አለ፦ የአውሮፕላኑ መዘግየት፣ የሆቴሉ ምግብ፣ ከወለድ አገድ ሱቅ አሮጌ ጊታር ፍለጋ መዞር፣ የድምጽ ማጉያ መበላሸት። ሀንተር የሚጽፈው ስለ ጉብኝቱ ነው። በርን የሚጽፈው ጉብኝቱ ስለማያየው ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ? በእኔ አስተያየት ከዕድሜ ነው። ለወጣቱ መድረኩ ሁሉ ነገር ነው፤ ከተማው መድረኩን ተሸክሞ የቆመ ዕቃ ነው። ለአንጋፋው ግን መድረክ ሥራ ነው። አናጢ ከሥራ ሲወጣ ስለ መጋዝ አያወራም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት አየር ማረፊያ፣ አንድ ዓይነት አልጋ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር መጋረጃ ያየ ሰው፣ የሚያስፈራው መረሳት ብቻ አይደለም። ቀኖቹ ሁሉ አንድ ቀን ሆነው እንዳያልቁበት ይሰጋል። ብስክሌቱ ከዚህ ማምለጫው ነው። በርን ይህን በግልጽ አይናዘዝም፤ ስለ ራሱ ስሜት ቁጥብ ሰው ነው። ነገር ግን ገጽ በገጽ እየተነሳ፣ በማያውቀው መንገድ እየታጠፈ፣ ዝናብም ጸሐይም ሳይል ሲወጣ ስናየው ነገሩ ይገባናል። የመጽሐፉ እውነተኛ ትልም ይህ ነው እላለሁ፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ኑሮ ጋር የሚደረግ ግብግብ።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንግባ። ሁሉንም አላነሳም፤ ሦስቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያዋ ዲትሮይት ናት። በርን ከመሃል ከተማ ተነስቶ ወደ ዳርቻው ይነዳል። የፈረሱ ፎቆች፣ ሣር የበቀለባቸው መንደሮች፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሱቅ፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ የሀብታም ግቢ። ይህች ከተማ በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት የመኪና እናት ነበረች፤ በ2010 ቆጠራ ግን ወደ 714 ሺህ ገደማ ወርዳለች። ይህን በቁጥር ማወቅ አንድ ነገር ነው። በርን የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ቁጥሩን ወደ ርቀት ይለውጠዋል። በመኪና ቢሆን በፈጣኑ አውራ ጎዳና ሽው ብሎ ያልፈው ነበር፤ በእግር ቢሆን አይዘልቀውም። በብስክሌት ግን ድህነትና ሀብት የት ላይ እንደሚገናኙ በእግሩ ጡንቻ ይለካዋል። ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩት ይህን ክፍል ነው። ደግሞም እዚህ ላይ ስብከት የለም፤ የሚታየውን በተርታ ይደረድረዋል፣ ፍርዱን ለእኛ ይተዋል።

ሁለተኛዋ በርሊን ናት። እዚያ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለ፤ ሰዉም ቀይ መብራት ሲበራ ይቆማል። በርን በዚህ ሥርዓት ይደነቃል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ የምሥራቅ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊስ የነበረውን የሽታዚን ሙዚየም ይጎበኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ብልህነት ነው። ሰው በፈቃዱ ሕግ ሲያከብር ከተማ ያምራል፤ ሰው ጎረቤቱን እንዲሰልል ሲገደድ ያው ከተማ እስር ቤት ይሆናል። ታዲያ መሥመሩ የቱ ጋ ነው? በርን መልስ አይሰጥም። መልስ አለመስጠቱን አንዳንዱ እንደ ድክመት ያየዋል፤ እኔ ግን ከእንግዳ ሰው ይህን ያህል ትሕትና ማግኘቴን ወድጄዋለሁ።

ሦስተኛዋ ማኒላ ናት፤ ክርክሬም እዚህ ላይ ይጀምራል። በርን ማኒላ የሄደው ለኮንሰርት አልነበረም። የፊሊፒንስ መሪ የነበረው የፈርዲናንድ ማርኮስን ሚስት የኢሜልዳን ታሪክ በሙዚቃ ለመሥራት አስቦ፣ ቦታውን ሊያይ ነው። ኢሜልዳን ዓለም የሚያውቃት በጫማዋ ብዛት ነው። በርንን የሳበው ግን የዳንስ ቤት ፍቅሯ ነበር። ሥልጣን የጨበጠ ሰው እየጨፈረ ምን ይሰማዋል? ጥያቄው የሙዚቀኛ ጥያቄ ነው፤ የታሪክ ምሁር ላያነሳው ይችል ነበር። ከዚህ ጉዞ «ሂር ላይስ ላቭ» የተሰኘው ሥራ ወጣ፦ በ2010 ከፋትቦይ ስሊም ጋር በአልበም፣ በ2013 ኒው ዮርክ ላይ በቲያትር፣ በ2023 ደግሞ በሙሉ ፊሊፒናዊ ዝርያ ባላቸው ተዋንያን በብሮድዌይ። በታሪኩም ውስጥ ከኢሜልዳ ጎን ያሳደገቻት ሞግዚት ኤስትሬላ ኩምፓስ ቆማለች። ከቤተ መንግሥት ጎን ማጀቱን ማሳየቱ የሚመሰገን ነው።

ሆኖም መጽሐፉን ስናነብ በዚህ ምዕራፍም ሆነ በሌሎቹ የሚናገረው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ ሠዓሊው፣ የጋለሪ ኃላፊው፣ ሙዚቀኛው፣ አስተናጋጁ ነው፤ ማለት የደራሲው ቢጤ። በርን በጎዳናው ላይ ሲነዳ የሚያያቸው ሰዎች ግን፣ ሸቀጥ ተሸካሚው፣ ማስቲካ አዟሪው፣ ከዲትሮይት ፍርስራሽ በር ላይ የቆሙት ሰዎች፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እምብዛም አንሰማም። ብስክሌት ከመኪና የተሻለ መስኮት ነው፤ ያም ሆኖ መስኮት ነው። ለመነጋገር ከብስክሌት መውረድ ያስፈልጋል። በርን የሚወርደው ከታወቀ በር ላይ ነው።

ስለ መጽሐፉ ማዕከላዊ ሐሳብም እንዲሁ። ደራሲው ከተማ ማለት የሰዎች እምነትና ያልተነገረ ሐሳብ በድንጋይና በአስፋልት ተገልጦ የሚታይበት ነው ብሎ ያምናል። ያምራል። ግን የማን ሐሳብ? ከተማን የሚሠራው ከተማውን የሚኖርበት ሁሉ አይደለም። አንዱ ያቅዳል፣ አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ ይነሳል። በርን በኒው ዮርክ ምዕራፍ ላይ ይህን ያውቀዋል። ጎዳና በመንደር ላይ ስለሚያሳልፈው ስለ ሮበርት ሞዝስና እሱን ስለተቋቋመችው ስለ ጄን ጄከብስ ያነሳል። የገዛ ከተማው ስለሆነች ማን ምን እንደሠራ ያውቃል። በሰው አገር ግን ይህ እውቀት ይቀንስና «የሕዝቡ ጠባይ» በሚል ቃል ይተካል። ቤቱ ሲሆን ፖለቲካ፣ ሰው ቤት ሲሆን ባሕል! ይህ የበርን ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የመንገደኛ ሁሉ በሽታ ነው። እኛም ክረምት አንድ ወር ገጠር ውለን ስንመለስ የምንጽፈው ከዚህ አይሻልም።

ይህን ስል የዶርም ጓደኛዬ ከላይ አልጋ ላይ ሆኖ ይሰማኝ ኖሮ፣ «አንተ ደግሞ! ይኼማ የጠገበ ሰው ጾም ነው» አለኝ። «ሾፌርና መኪና እያለው በብስክሌት ይዞራል፤ ከዚያ መጽሐፍ ይጽፍበታል። ባሕር ዳር ያለ ልጅ በየቀኑ ይነዳል፤ ማን አሳተመለት?» ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ ምክንያቱም ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። እኛ ቤት ብስክሌት ማለት ዱቄት ወፍጮ ቤት ማድረሻ፣ ታናሽ እህትን ከኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት መውሰጃ፣ ካቴናው በወለቀ ቁጥር እጅ ማጥቆሪያ ነበር። «የዓለም መስኮት» ያለው ማንም አልነበረም። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ዱቄቱን ይዤ ስመለስ ሐይቁ ዳር የምታጠፍበት ቦታ ነበረ፤ መንገዱ አይደለም፣ ያረዝማል። ሁልጊዜ እታጠፍ ነበር። ስለዚህ ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ጥጋብ ጽሑፍን ያቀላል እንጂ ማየትን አይሰጥም። ይህን ሰውዬ ማንም እንዲያይ አላስገደደውም፤ እሱም ታጥፏል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የምዕራፎቹን ስም ዝርዝር መለስ ብላችሁ እዩት። አውሮፓ አለ፣ እስያ አለ፣ ላቲን አሜሪካ አለ፣ አውስትራሊያ አለ። አፍሪካ የለም። አንድም ከተማ! ሌላ ዘፋኝ ቢሆን አላነሳውም ነበር። ነገር ግን በ1980 የወጣው «ሪሜይን ኢን ላይት» የተባለው የቶኪንግ ሄድስ አልበም፣ ባንዱን ታላቅ ያሰኘው ሥራ፣ ከናይጄሪያዊው ከፌላ ኩቲ ምት የተማረ ነው፤ ይህን ራሳቸው አልደበቁትም። በርን በ1999 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ የሌላውን ዓለም ሙዚቃ ሁሉ «የዓለም ሙዚቃ» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ መክተትን አጥብቆ ነቅፏል። ጆሮው እኛ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። እግሩ በመጽሐፉ ውስጥ ለምን አልደረሰም?

መልሱን ደራሲውን በመውቀስ የምናገኘው አይመስለኝም። አንድ ዘፋኝ የሚሄድበትን የሚወስነው ፍላጎቱ ብቻ አይደለም። ቲኬት የሚገዛ ሕዝብ፣ መብራትና ድምጽ ማጉያ ያለው አዳራሽ፣ ወጪውን የሚሸፍን አዘጋጅ ያለበት ቦታ ሁሉ ነጥብ ይደረግበታል፤ ነጥቦቹ ይገናኙና ጉብኝት ይሆናሉ። የጋለሪ ግብዣና የመጽሐፍ ምረቃም የሚከተሉት ያንኑ መሥመር ነው። በርን ብስክሌቱን በነጻነት የሚነዳው ገበያ ባሰመረለት ካርታ ውስጥ ነው። ከሆቴሉ በር ወደ ግራም ወደ ቀኝም መታጠፍ ይችላል፤ ሆቴሉ ያለበትን ከተማ ግን የመረጠው ሌላ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት አፍሪካን መዝለሉ ሳይሆን ይህን ካርታ ማን እንደሳለው አለመጠየቁ ነው። ሁሉንም ነገር በትኩረት የሚያይ ሰው፣ የተቀመጠበትን ኮርቻ አላየም።

እዚህ ላይ ከእኛ ወገን አንድ ሙዚቀኛ ማንሳት ግድ ይላል። ኃይሉ መርጊያ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ኑሮው ግን ከበርን መጽሐፍ ጎን ተቀምጦ መነበብ አለበት። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በ1981 ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ሄደ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ጋር አስማምቶ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ደንበኛ በሚጠብቅበት በዳላስ አየር ማረፊያ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ጠራው፤ መዞር ጀመረ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ።

ሁለቱን አስተያዩ። አንዱ በሻንጣው ብስክሌት ይዞ ከአየር ማረፊያ ይወጣል፤ ሌላው በታክሲው ኪቦርድ ይዞ አየር ማረፊያ በር ላይ ይቆማል። ለአንዱ ጉብኝት ማለት ሄዶ መመለስ ነው፤ ማስታወሻ የሚጻፈውም ስለሚመለስ ነው። ለሌላው ጉብኝቱ ሳይዘጋ ለአሠርት ዓመታት ቆየ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር አድርገዋል፦ ማንም የማይቆጥራትን የመጠበቂያ ሰዓት አላባከኗትም። በርንን ሳነብ ኃይሉ የታየኝ ለዚህ ነው። በርንን ያቀለለብኝ መስሏችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል፤ እንዲያውም የመጽሐፉን ቁም ነገር ያስረዳኝ ይህ ማነጻጸር ነው።

ስለ ቅርጹ ጥቂት ብዬ ልጨርስ። መጽሐፉ የተለያዩ ዓመታት ማስታወሻዎችን በአንድ ከተማ ስም ሥር ሰፍቶ ያቀረበ ስለሆነ ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ይታያል። ስለ ብስክሌት መንገድ ሲያወራ ድንገት ስለ ሥዕል፣ ከዚያ ስለ አውስትራሊያ መርዛም እንስሳት ይሄዳል። ቋንቋው ተራ ነው፤ ጌጥ የለውም፤ ቀልዱም ደረቅ ነው። ልብ ወለድ የለመደ አንባቢ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ሊል ይችላል። የፎቶግራፎቹ ጥቁርና ነጭ መሆን ግን ከአጻጻፉ ጋር ይስማማል። ደግሞም ደራሲው ተናግሮ ብቻ አልቀረም። በ2008 ለኒው ዮርክ የብስክሌት ማሰሪያ ብረቶች ነድፎ ተተክለዋል፤ ዎል ስትሪት ላይ የቆመው የዶላር ምልክት ቅርጽ ነበረው፣ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ያለው ደግሞ የባለ ተረከዝ ጫማ። ከተማን የተቸ ሰው ለከተማው ትንሽ ብረት ማበርከቱ ደስ ይላል። ስንቱ ሐያሲ ነው ከትችቱ በኋላ አንድ ምስማር የመታው?

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «የብስክሌት ማስታወሻዎች» ታላቅ መጽሐፍ አይደለም። ሐቀኛ መጽሐፍ ነው። የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም፣ ዝናውን አይቸረችርም፣ አንባቢውን አይንቅም። የሚጎድለው ከብስክሌት መውረድና ካርታውን መጠየቅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማድረግ ደግሞ ከእሱ ይልቅ ለእኛ ይቀላል፤ ከተማችን ውስጥ የሚያናግረን ሰው ቋንቋችንን ይናገራልና።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት የምትጽፉ ጓደኞቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙዎቻችን ይህችን ከተማ የምናውቃት ከሚኒባስ መስኮት፣ ያውም የሰው ክንድ ከልሎብን ነው። ከሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል የምትተርፍ ሰዓት አለች፤ ካፌ ውስጥ የምንገድላት። አንድ ቀን በዚያች ሰዓት ከግቢው በር ውጡና በማታውቁት በኩል ታጠፉ። ከዚያ ቁሙ፤ አንድ ሰው አናግሩ። የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉና ለሚቀጥለው ቁጥር አምጡ። ስቴንስሉን እኔ እመታለሁ።